ስኳር የለብኝም፣ ባልም የለኝም፤ ታዲያ እነዚህ ኪኒኖች ለምኔ?

ሰላም እህቴ፣

ዕድሜዬ 26 ነው። የወር አበባዬ አንዳንዴ ሦስት አራት ወር ይጠፋል። አገጬ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ጸጉር ይበቅላል፣ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሜ በወረንጦ ስነቅል ሥራ ይረፍድብኛል። በቅርቡ ሐኪሟ ፒሲኦኤስ (የእንቁላል ማመንጫን ሥራ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ነው አለችኝና ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር ኪኒንና የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን አብራ አዘዘችልኝ። ሜትፎርሚኑ ሆዴን አገላበጠው፣ በሳምንቱ ተውኩት። ሌላውን እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ አየችውና «ሳትወልጂ ከጀመርሽው ማህፀንሽ ይደርቃል» አለችኝ። በጣም ፈራሁ። አንዱን ብቻ ብወስድስ?

ግራ የገባኝ

እህቴ፣ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም። ሁለቱ ኪኒኖች ሥራቸው ለየቅል ነው።

ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ሰውነቷ ብዙ ጊዜ የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በቀላሉ እሺ አይልም። ስለዚህ ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል፣ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን (የእንቁላል ማመንጫን) እየጎተጎተ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ያስመርታታል። ሜትፎርሚን የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ሰውነትሽ ለኢንሱሊን እሺ እንዲል ያግዛል። ስኳሬን ከልክ በታች ይጥለዋል ብለሽ አትስጊ፣ ብቻውን ሲወሰድ ይሄ የሚገጥመው ከስንት አንዴ ነው። ሆድ ማገላበጡ ግን የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ በ500 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ከምግብ ጋር እየተወሰደ፣ በየሳምንቱ ወይ በየሁለት ሳምንቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነትም አለ፣ ሆድ ላይ ይቀላል። መተውሽን ለሐኪምሽ ንገሪያት፣ ካልነገርሻት ልታስተካክልልሽ አትችልም።

የወሊድ መቆጣጠሪያው ደም ውስጥ ቴስቶስትሮንን የሚይዘው ፕሮቲን እንዲበዛ ያደርጋል፣ ጸጉር የሚያበቅለው ነፃው ቴስቶስትሮን ይቀንሳል። የማህፀንሽን ግድግዳም ይጠብቃል። ይሄን ቀላል አድርገሽ አትይው፤ የወር አበባ ለወራት ሲጠፋ ግድግዳው እየወፈረ ይሄዳል፣ ለዓመታት ከተተወ ደግሞ ለካንሰር ያጋልጣል። ማህፀን ያደርቃል የሚባለው እውነት አይደለም። ስታቆሚው የወር አበባሽ ተመልሶ ቢዛባ ያው የድሮው ፒሲኦኤስ ነው፣ ኪኒኑ ያመጣው አይደለም። ለእናትሽም እንዲሁ አስረጃቸው፣ ተጨንቀው ነው።

አንዱ ብቻ የሚበቃቸው ብዙ ሴቶች አሉ። ሁለቱ አብረው የሚታዘዙት በተለይ ከልክ ያለፈ ክብደት ወይም የስኳር በሽታ ስጋት ሲኖር ነው። «ለእኔ ለምን ሁለቱም?» ብለሽ ጠይቂያት፣ መብትሽ ነው። ግን ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ግፊት ካለብሽ፣ ወይም ራስ ምታትሽ ሊነሳ ሲል ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውን ከመውሰድሽ በፊት ንገሪያት። ከጀመርሽ በኋላ አንድ እግርሽ ቢያብጥ ወይ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ጸጉሩ ላይ ለውጥ ለማየት ቢያንስ 6 ወር ይፈጃል። ያኔም ካልቀነሰ እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያለ የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚገታ መድኃኒት ሊጨመርልሽ ይችላል፣ እሱ ግን ፅንስ ስለሚጎዳ እርግዝና ስታስቢ አይወሰድም። እስከዚያ በወረንጦሽ ንቀዪው። መንቀል ጸጉሩን አያበዛውም፣ አትሸማቀቂ።