ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የፈረንጅ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚያስተምረው?

ጥያቄ፦ ልጄ ክራር የለመደችው ከአጎቷ እጅ እያየች ነው፤ ኖታ ማንበብ አትችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለች። አባቷ ግን «እዚያ የሚሰጠው የፈረንጅ ሙዚቃ ነው፤ ያገሯን ያስረሷታል» ይላል። እውነት ነው? ትምህርት ቤቱስ እንዴት ተመሠረተ? የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄም የተማሩት እዚያ ነው?
አንዲት እናት፣ ከጅማ ሂርማታ

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሣ። ሙላቱ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ እንጂ የያሬድ ተማሪ አልነበሩም፤ የተማሩት በለንደኑ ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅና በቦስተኑ በርክሊ ነው። በዚያ ዘመን ሙዚቃን በከፍተኛ ደረጃ ለመማር የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት።

ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባው በአብዛኛው በማርሽ ባንድ በኩል ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ እና አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። ለባንድ የሚሠለጥን ሰው ግን የሚማረው ለሰልፍና ለክብረ በዓል የሚያስፈልገውን ያህል ነበር። ሙዚቃን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ የሚሰጠው ብሔራዊ ትምህርት ቤት መልክ የያዘው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር በአሜሪካው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩት አሸናፊ ከበደ ናቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው።

የባለቤትዎ ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ፒያኖ፣ ቫዮሊንና የአውሮፓ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ በትምህርቱ ውስጥ ሰፊ ቦታ አላቸው። ሆኖም ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንትም እንደ ሙሉ የትምህርት ዘርፍ የሚሰጡት እዚያው ነው። ለእኔ የትምህርት ቤቱ ትልቁ ሥራ ይኼ ነው፤ ፒያኖ አስተማሪ በግልም ይገኛል፣ መሰንቆን በሥርዓት የሚያስተምር ግን በቀላሉ አይገኝም። በገናን እንውሰድ። አሥሩን የአንጀት ክሮች በትክክል ቢቃኙም እንኳ፣ በክሩና ክሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል የሚገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ ቦታውን ካልያዘ ያ የሚታወቀው እዝዝ የሚል የበገና ድምፅ አይመጣም። ይህን ለማወቅ መምህሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየትና መስማት ያስፈልጋል። የታወቁት በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ በትምህርት ቤቱ በገና ያስተምሩ ነበር፤ መሣሪያው ከሃይማኖት ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ግን በደርግ ዘመን ትምህርቱ ተቋረጠ። የአገር መሣሪያ ትምህርት አንዳንዴ የሚጎዳው በፈረንጅ ሙዚቃ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ስለ ኖታም አይስጉ። ልጅዎ ክራሯን የምትቃኘው በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ከሆነ ድምፆቹን በኖታው አምስት መስመር ላይ ማስፈር ይቻላል። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ሲደረስ ግን ክራር ተጫዋቹ በጆሮው የሚፈልጋቸው አንዳንድ ርቀቶች ከፒያኖው ቁልፎች ጋር ልክ አይገጥሙም፤ የጣቱን ማስጌጫም ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ አይዘውም። ትምህርት ቤቱ ስሙን የወሰደበት የቅዱስ ያሬድ ዜማ እንኳ ከፊደሉ በላይ በተጻፈ ምልክት ቢመራም፣ የዜማ ቤት ተማሪ ከመሪጌታው አፍ ካልሰማው ምልክቱ ብቻውን አያዜምለትም። ስለዚህ ኖታ የምትማረው በጆሮ ያገኘችውን ለመተው ሳይሆን፣ ከሌሎች ጋር አንድ ላይ ለመሥራት፣ ያላየችውን ሥራ ለማንበብና የራሷን ድርሰት ለሌላ ተጫዋች ለመስጠት ነው።

ለመግባት የትምህርት ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ የተሰጥኦ ፈተናም አለ። እስከዚያው እዚያው ጅማ ኖታ የሚያውቅ ሰው ፈልገው መሠረቱን ያስይዟት፤ ከአጎቷ ጋር የምትጫወትበትን ሰዓት ግን አይቀንሱባት።