ፈረሴ ሠልጥኖ ሳለ ለምን ሁሌ መጨረሻ ይወጣል? (መልስ)

ወዳጄ፣ ስለ ሀውርስ (ፈረስ እያሳደግክ የምታወዳድርበት የኢንተርኔት ጨዋታ) ጠይቀህ «ፍጥነቱን እስከ ጣሪያ አሠልጥኜው በዝላይ ውድድር ሁሌ ጭራ ነው» ያልከው ነገር እኔንም ድሮ አብግኖኛል። ፈረሱ ምንም አላጠፋም። የሠለጠነውና የተመዘገበበት ውድድር አልተገናኙም።

እንደ ሀውርስ ባሉ ጨዋታዎች ሩጫውን ቁጭ ብለህ አታይም። ሲስተሙ የተመዝጋቢዎቹን ችሎታ አስልቶ ደረጃ ያወጣል፣ አለቀ። እዚያ እያንዳንዱ ውድድር የሚያየው ሦስት ችሎታ ነው። በዝላይ ውድድር የሚቆጠሩት ዝላይ፣ ድሬሳጅ (ፈረሱ የጋላቢውን ትእዛዝ ተከትሎ በሥርዓት የመንቀሳቀስ ችሎታው) እና ፍጥነት ናቸው። ስለዚህ ያንተ ፈረስ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ነው የሚጎበዘው። አገር አቋራጭ ብታስገባውማ ጭራሽ ይብሳል። እዚያ ጽናት፣ ድሬሳጅና ዝላይ እንጂ ፍጥነት አይቆጠርም። የሶምሶማ ውድድር ደግሞ ሶምሶማ፣ ፍጥነትና ድሬሳጅ ይፈልጋል። ልብ ካልክ ድሬሳጅ ሦስቱም ውስጥ አለ። አሰልቺ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሱ እጀምር ነበር።

ከማሠልጠንህ በፊት የፈረሱን የዘር አቅም እይ። ከፍ ያሉት ሦስቱ ችሎታዎች የትኛው ውድድር እንደሚሆነው ይነግሩሃል። ለፍጥነት ያልተፈጠረውን በግድ ማስሮጥ ጊዜ ማባከን ነው። ኮርቻና ልጓምም ነጥብ ይጨምራሉ፣ ዝም ብለህ አትለፋቸው።

ውድድር ጉልበት ይበላል። ለማራቢያ ካሰብከው ብሉፑ (ለማራባት ያለውን ብቃት የሚያሳየው የጨዋታው ነጥብ) ወደ 100 እንዲደርስ 20 ድል ስለሚያስፈልገው፣ ከመመዝገብህ በፊት እነማን እንደገቡ አይተህ ደከም ያሉት ጋ አስገባው። ነውር የለውም፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።