ለሐይቅና ለአርዲቦ ጀልባ የሚሆን እንጨት፦ ጥያቄና መልስ

ሐይቅ ወይም አርዲቦ በተባሉት የወሎ ሐይቆች ላይ ለዓሣ ማስገሪያ ትንሽ ጀልባ ለመሥራት ያሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች በእንጨት ሥራ ካሳለፍኳቸው ዓመታት የተማርኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፍ ርካሽ ስለሆነ ጀልባውን በሙሉ በእሱ ብሠራውስ?

መልስ፦ አልመክርዎትም፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ነጩ የዳር እንጨትም ቶሎ ይበሰብሳል። ለጎኑ ጣውላ ዋንዛን እመርጣለሁ፤ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን አይለውጥም፣ ለመላጊያም ይመቻል። ጥድ መበስበስን በሚገባ ይቋቋማል፣ ነገር ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ምስማሩ ከመመታቱ በፊት መሰርሰር አለበት። ዝግባ ሲያዩት ያምራል፤ ውኃ ውስጥ ግን ዕድሜ የለውም። ሦስቱም በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ስለነበር፣ የእንጨቱን ምንጭ ሳይጠይቁ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ነጋዴው «ደርቋል» ይለኛል፤ በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ የተደረደረ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ለመድረቅ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። እኔ ራሴ በነሐሴ የገዛሁትን ጣውላ ላዩን ዳስሼ አምኜ ሠራሁበት፤ በበጋው መጋጠሚያው ሁሉ ቢላዋ የሚያስገባ ክፍተት አበጀ። ከዚያ ወዲህ የምመዝነው በሚዛን ነው። ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል፤ ስለዚህ ከጫፉ ክንድ ያህል ገባ ብለው ትንሽ ቁራጭ ያውጡና ይመዝኑት፣ ከዚያም 100 ዲግሪን ጥቂት በሚያልፍ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ያድርቁት። 575 ግራም የነበረው 500 ከሆነ፣ የጠፋው 75 ግራም ለደረቀው 500 ሲካፈል እርጥበቱ 15 በመቶ ነው፤ በምስማር ለሚገጠም ጀልባ ይበቃል፣ ኤፖክሲ በሚባለው ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ኮላ ለሚጣበቅ ግን ወደ 12 ቢወርድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኮምፔንሳቶስ?

መልስ፦ ለቤት ዕቃ የተሠራው አይሆንም። ሌላውን ለመፈተን ትንሽ ቁራጭ ጥቂት ሰዓታት ቀቅለው ያድርቁ፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ ይተውት። ጠርዙ ላይ ቀዳዳ የሚታይበትንም አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ምስማርና ኮላ ላይ ገንዘብ ልቆጥብ?

መልስ፦ እዚያ ላይ አይቆጥቡ። ተራ ጥቁር ምስማር ይዝጋል፣ በዙሪያው ያለውን እንጨትም ያበላሻል፤ አይዝጌ ወይም በዚንክ የተነከረ ይግዙ። ነጩ የአናጢ ኮላ በውኃ ይለሰልሳል። ኤፖክሲ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ የደሴ ሌሊት ስለሚያዘገየው ሥራውን ረፋድ ላይ ይጀምሩ፣ ቢቻል ኮምቦልቻ ወርደው ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ቀለም ስንት እጅ ይቀባ?

መልስ፦ ጎኑን ሁለትም ሦስትም እጅ ይቀቡት፤ ውኃ በብዛት የሚጠጣው ግን የተቆረጠው የጣውላ ጫፍ ስለሆነ፣ እሱን ከመገጠሙ በፊት መጠጣት እስኪያቆም ደጋግመው ይቀቡት።