ምላጭ ከቀየርክ በኋላ እንጨቱ ከተሸበሸበ ኩሽኔታውን አትፍታ

አንድ ወንድማችን አሮጌ መላጊያ ማሽን አስቸግሮት ጽፎልኛል። ከላይ ይልጋል፣ ከስር ውፍረት ያወጣል፣ ሲሊንደሩ 3 ምላጭ ነው የሚይዘው፣ መረጃው የተጻፈበት ሳህን ላይ በደቂቃ 4500 ዙር ይላል፣ ሮለሩ በደቂቃ 6 ሜትር ይስባል። ምላጮቹ ደንዘው ነበር፤ ሁለቱን አንድ ሰው በግራይንደር ሳለለት፣ ሦስተኛው ተሸርፎ ስለነበር በአዲስ ተካውና ራሱ አሰራቸው። ከዚያ ወዲህ ጣውላው በጥፍር ሲዳበስ የሚሰማ ሽብሽብ ይዞ ይወጣል፣ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ሲልግ ደግሞ የጣውላው መጨረሻ ላይ ይጎደጉዳል። «ጋሼ ሲሊንደሩ የሚዞርበት ኩሽኔታ ይሆን? ልፍታው?» ነው የሚለኝ።

ተው አትፍታ። እስከ ትናንት ዝም ብሎ ሲሠራ የነበረ ማሽን ምላጭ በተቀየረ ማግስት ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የምላጩ ነው። እንደኔ እንደኔ አዲሱ ምላጭ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ታስሯል፣ ደግሞም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሁለቱ አሮጌዎች ስንት ጊዜ ተስለው ጠበዋል፣ እሱ ሙሉ ወርዱን ይዞ ነው የገባው። ምላጭ የሚቀየረው በሙሉ ነው እንጂ አንድ አንድ እየተለቀመ አይደለም፣ ይሄን ሻጩም ሊነግርህ ይገባ ነበር ግን እሱ ምን ቸገረው።

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ንቀል። ማብሪያ ማጥፊያውን አጠፋሁ ማለት አይበቃም፣ ነቅለህ ጫፉን አይንህ የሚያየው ቦታ አስቀምጠው። ማሽኑ ሶኬት ከሌለውና በቀጥታ ከተሳበ ደግሞ ከቆጣሪው በኩል አጥፋና ፊውዙን አውጥተህ ኪስህ ክተት።

አሁን ግምቴ ልክ መሆኑን ራስህ አረጋግጥ። ከመንቀልህ በፊት አንድ ለስላሳ ጣውላ ከስር አሳልፈህ ከነበረ ጥሩ፣ አለበለዚያ ቀድሞ የወጣውን ተጠቀም። እርሳስ አጋድመህ ፊቱን በስሱ እሸው፣ ጉብ ጉብ ያለው ብቻ ይጠቁርና መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይታዩሃል። በ4 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት እንዳሉ ቁጠር።

ይቺን ነገር ትንሽ ላብራራት፣ ስለምወዳት ነው። የመላጊያ ማሽን እንጨቱን አይልግም፣ ይከትፋል፤ እያንዳንዱ ምላጭ ሲያልፍ ትንሽ ጎድጓዳ ትቶ ነው የሚሄደው፣ ለስላሳ የሚመስለን ጎድጓዶቹ ስለተጠጋጉ ብቻ ነው። ያንተ ሲሊንደር በደቂቃ 4500 ጊዜ ይዞራል፣ 3 ምላጭ አለው፣ ስለዚህ በደቂቃ 13500 ጊዜ ይቆርጣል ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ እንጨቱ 6 ሜትር ማለትም 6000 ሚሊሜትር ሄዷል። ስታካፍለው አንዱ ጎድጓዳ 0.44 ሚሊሜትር ይሆናል፣ በ4 ሳንቲ ውስጥ 90 መስመር፣ ይሄን አይን አይለየውም። አንዱ ምላጭ በፀጉር ያህል እንኳ ከፍ ካለ ግን ሁለቱ ፊቱ ላይ መስመር ሳይተዉ ያልፋሉ፣ ሦስት ሰው ሸክም ሊያግዝ ወጥቶ አንዱ ተሸክሞ ሁለቱ አጅበውት እንደሚሄዱት ማለት ነው። ያኔ 6000ን ለ4500 ስታካፍል ጎድጓዳው 1.33 ሚሊሜትር ይሆናል፣ በ4 ሳንቲ 30 መስመር። ስፋቱ 3 እጥፍ ሲሆን ጥልቀቱ 3 እጥፍ እንዳይመስልህ፣ 9 እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ለዚህ ነው ጥፍርህ የሚሰማው። እና 30 አካባቢ ከቆጠርክ ነገሩ አለቀ፣ አንድ ምላጭ ብቻ ነው የሚሠራልህ። የጣውላው መጨረሻ የሚጎደጉደውም በዚሁ ነው፣ ከፍ ያለው ምላጭ ከመውጫው ጠረጴዛ በላይ ስለሆነ እንጨቱ የመግቢያውን ጠረጴዛ ሲለቅ ዝቅ ይልና ይበላል።

ሶኬቱ ተነቅሏል አይደል? እሺ። ሲሊንደሩ እንዳይዞርብህ የእንጨት ሽብልቅ አስገባ፣ የቆመ ምላጭም ይቆርጣል፣ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ሲያመልጥ እጅ የሚሄደው ወደሱ ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርግና ብሎኖቹን ፍታ። ማሽኑ ሲሠራ ግን ጓንት የሚባል ነገር አይታሰብም፣ ይዞህ ነው የሚገባው።

ምላጩን ቦዩ ውስጥ ጨምቀው የሚይዙትን መጭመቂያ ብረቶች ስታወጣ ከምላጩ ጀርባ የቆርቆሮ ቁራጭ ወይ የተጣጠፈ ወረቀት ካገኘህ አይግረምህ፣ ከኔ ጋ ከሚመጣው አሮጌ ማሽን ብዙው እንደዚህ ነው፣ ከፍታ ማስተካከል የሰነፈ ሰው ወረቀት ይጠቀጥቅበታል። አውጥተህ ጣለው። ቦዩን፣ መጭመቂያውንና የምላጩን ጀርባ ከሙጫና ከሳጋቱራ በጋዝና በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ እዚያ ውስጥ የደረቀች የሙጫ ቅርፊት ምላጩን አጣማ ታስረዋለች።

ስለ ስለቱ። በግራይንደር የተሳሉትን ሁለቱን ጫፋቸውን በብርሃን እያቸው። ሰማያዊ የሆነ ቦታ ካለ በተራ ብረት ምላጭ ላይ እዚያ ጋ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፣ ለስልሷል፣ ብትስለው ቶሎ ይደነዝዛል፣ ሰማያዊው እስኪያልቅ ካልተበላ ዋጋ የለውም። ኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) የሚባለው ብረት ከሆነ ሙቀት ይችላል፣ ግን እሱንም ግሎ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትንከረው፣ አይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል። ደግሞ ኤችኤስኤስ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ኤችኤስኤስ አይደለም፣ ርካሹ ላይ ጽሑፉ ብቻ ነው ጥሩው! በእጅ በተያዘ ግራይንደር ቀጥ ያለ ስለት አይወጣም፣ ማንም ይሁን ማን። ለሸራፋ ምላጭ ውሃ እየፈሰሰበት በሚስል ማሽን ሦስቱንም አንድ ላይ አስልና ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን በላቸው። ሸራፋ ከሌለው በድንጋይ ራስህ ትችለዋለህ፣ ጠንካራ እንጨት ላይ በዚያው ማዕዘን ሰንጥቀህ ምላጩን እዚያ አስገባ፣ በኋላ በደቃቁ ድንጋይ ጀርባውን ጠፍጣፋ አድርገህ ፍርፍሩን አንሳ።

ያንተን በተመለከተ 3 አዲስ ግዛ። ውፍረታቸውን በካሊፐር ለካ፣ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን። አንድ በአንድ መዝናቸው፣ ከ1 ግራም በላይ ልዩነት እኔ አልወድም፣ የከበደውን በጀርባው በኩል ብላው።

ከዚያ ማሰር። ምላጩ ከሲሊንደሩ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ብቅ ቢል ይበቃል። ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ የመውጫው ጠረጴዛ ላይ አስተኛ፣ ጫፉ ሲሊንደሩ ላይ ይለፍ፣ ጠረጴዛው ከንፈር ጋ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ሽብልቁን አንሳና ፑሊውን ይዘህ ሲሊንደሩን በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ አድርገህ አዙር፣ ምላጩ ዘንጉን ይነክስና ትንሽ ወደፊት ይጎትተዋል። 3 ሚሊሜትር ከጎተተ የሦስቱም ምላጭ ቀኝ፣ ግራና መሃል 3 ይሁን። ጊዜ የሚበላው እዚህ ጋ ነው፣ አትቸኩል። አንዳንዱ ሰው ይሄን ሸሽቶ ማሽኑ እየዞረ ድንጋይ ያስጠጋና እኩል ያደርገዋል፣ እኔ እጄን ስለምወደው አላደርገውም፣ አንተም አታድርግ።

ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በስሱ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ፣ ከዚያ በሁለተኛ ዙር ጠበቅ፣ በሦስተኛው መጨረስ። ጠብቀው ካለቁ በኋላ በዘንጉ እንደገና ለካ፣ ሲጠብቅ ይንሸራተታል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይ ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር የሌለው ብሎን እዚህ አይገባም፣ ጥርሱ የተበላም እንደዚያው፣ በዚያ ፍጥነት ያመለጠ ምላጭ ሰው ይገድላል።

የመውጫውን ጠረጴዛ በመጨረሻ ከምላጮቹ ከፍተኛ ነጥብ ጋር እኩል አድርግ። እንጨቱ ጠረጴዛውን ከገጨ ከፍ ብሏል፣ መጨረሻው ከጎደጎደ ዝቅ ብሏል።

ሽብልቁንና ቁልፉን ማውጣትህን አይተህ ሶኬቱን ሰካ፣ ከሲሊንደሩ ፊት ሳይሆን ከጎን ቁም፣ ጥቂት ደቂቃ ባዶውን አስነሳው። ከዚያ አጥፋ፣ መቆሙን ጠብቅ፣ ሶኬቱን እንደገና ንቀልና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትሽ። አዎ እንደገና ንቀል፣ ለሁለት ደቂቃ ሥራ ምን አስነቀለኝ የሚል ነው ጣቱን የሚያጣው። አንድ ጣውላ አሳልፈህ መስመሩን ቁጠር፣ ወደ 90 ከተጠጋ ጨርሰሃል። ይሄ ሁሉ ሆኖ ቺንጋው ወልቆ ሲሊንደሩ በእጅ ሲዞር ከተንኳኳ፣ ያኔ ስለ ኩሽኔታው ጻፍልኝ።