ኤች ኢንዴክሱ ትልቅ የሆነው ፕሮፌሰር ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እንዴት ናችሁ? በማቴሪያል ሳይንስ ማስተርሴን ጨርሼ ጀርመን ለፒኤችዲ ሁለት ፕሮፌሰሮች እንውሰድህ ብለውኛል። ሁለቱም የሚሰሩት በህትመት የሚመረቱ ሴንሰሮችና ሰውነት ላይ የሚለበስ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ነው። ጉግል ስኮላር ላይ ሳይ የአንዱ ኤች ኢንዴክስ 61 ነው፣ የሌላዋ ፕሮፌሰር ደግሞ 24። ጓደኞቼ ይሄ ምን ይጠየቃል 61ዱ ጋ ሂድ እንጂ ይሉኛል፣ እኔን ግን የሳበኝ የሷ ስራ ነው። ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?
(ግራ የገባው፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ፣ አንድ እንኳን አጥቶ የሚንከራተተው ስንት ነው። ኤች ኢንዴክስን በ2005 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰው ነው። 24 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 24 ጊዜ የተጠቀሱ 24 ፔፐሮች አሏት ማለት ነው፣ በቃ ሌላ ምስጢር የለውም። አምስት ፔፐር ብቻ ያለው ሰው እያንዳንዱ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስለት እንኳን ከ5 አያልፍም። ደሞ ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ቁጭ ብሎም ይጨምርለታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱም ማሳተም የጀመሩበትን ዓመት እይ፣ ሂርሽ ራሱ እዛው ፔፐሩ ላይ በስራ ዓመት አካፍሎ ማየትን አንስቷል።

እናንተ ፊልድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ማቴሪያሉ ፋሽን አለው፣ አንድ ሰሞን ግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ) ነበር፣ ከዛ በ2011 ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ማክሲን (የሜታልና የካርቦን ስስ ንጣፍ) ተገኘና ሁሉም ወደዛ ጎረፈ፣ እና በዚህ የሚጽፍ ሰው ሁሉ መግቢያው ላይ በአንድ አረፍተ ነገር አስራ ምናምን ፔፐር ደርድሮ ያልፋል፣ ብዙውን ከፍቶ ማንበቡንም እንጃ። ሪቪው ፔፐርማ (የሌሎችን ስራ ሰብስቦ የሚያጠቃልለው) አታንሳው፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይሰራበት ሳይቴሽን፣ ማለትም መጠቀስ፣ የሚሰበስበው እሱ ነው። የሰውየውን ገጽ በሳይቴሽን ብዛት አሰልፈህ ከላይ ካሉት አስሩ ስንቱ ሪቪው እንደሆነ ቁጠር፣ ከደራሲዎቹ መሃል ስሙ የት እንደተቀመጠም እይ። በዚህ ዘርፍ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጻፈው የሰራው ተማሪ ነው፣ መጨረሻ ደግሞ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ መሃል ላይ ከአስራ አምስት ሰው ጋር ተቀላቅሎ የገባ ስም ብዙም አይነግርህም።

ኢምፓክት (አንድ ስራ በተግባር ያመጣው ለውጥ) የሚለውን ነገር በደንብ ማየት ከፈለግህ የስኳር መለኪያ ስትሪፕን አስብ። እናትህ ወይ አጎትህ ስኳር ካለባቸው ቤት ውስጥ አለ። ያቺ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ያለው ጥቁር መስመር በካርቦን ቀለም በስክሪን ፕሪንቲንግ፣ ማለትም ቲሸርት ላይ ሎጎ በሚታተምበት ዘዴ፣ የታተመ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጫፍ) ነው። መነሻው በ1984 የኦክስፎርድና የክራንፊልድ ተመራማሪዎች አናሊቲካል ኬሚስትሪ ጆርናል ላይ ያወጡት ስራ ነው፣ ፌሮሲን የሚባል ውህድ ኤሌክትሮኑን ከስኳሩ ጋር ከሚሰራው ኢንዛይም ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሮዱ ያደርሳል። በ1987 ሜዲሴንስ የሚባለው ኩባንያ እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ አድርጎ ለገበያ አወጣው። ስመ ጥሩው ጆርናል ኔቸር ላይ አልወጣም፣ ግን ዛሬ ስንት ሚሊዮን ሰው ጣቱን እየወጋ ይጠቀምበታል።

በሌላ በኩል በ2016 በርክሌይ የነአሊ ጃቬ ቡድን ኔቸር ላይ ያወጣው፣ ግንባርና የእጅ አንጓ ላይ ታስሮ ከላብ ግሉኮስ፣ ላክቴት፣ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚለካው ስራ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተጠቅሷል፣ ይገባዋልም፣ ብዙ ሰው በዛ በር ነው የገባው። ግን ላብ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከደሙ በጣም ያነሰ ነው፣ ከቆዳ ላይ የሚቀላቀለውም ያበላሸዋል፣ ስለዚህ የስኳር በሽተኛው አሁንም ጣቱን ይወጋል ወይም ቆዳው ስር ሴንሰር ያስገባል። መጠቀስና በተግባር መስራት ለየብቻ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

እና ከእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፔፐር አውጣና ፎቶውን ትተህ ግራፉን እይ። ፕላስቲኩ ላይ የታተመው የብር መስመር ስንት ጊዜ ታጠፈ፣ ከዛ በኋላ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው) ስንት እጥፍ ጨመረ፣ ታጥቧል ወይ? የተሞከረው በሰው ላብ ነው ወይስ ላብራቶሪ ውስጥ በተቀላቀለ ሰው ሰራሽ ላብ? አንድ ላይ ከታተሙት ስንቱ ተመሳሳይ ውጤት ሰጠ? በተለይ ይሄን የመጨረሻውን የማይጽፍ ሰው እኔ አላምነውም፣ አንድ የሰራ ናሙና ማግኘት ለማንም ይሆናል። እሷ እነዚህን በደንብ የምትጽፍ ከሆነ እኔ ብሆን የ24ቷ ጋ ነው የምሄደው፣ 61ዱ ላይ ያለው ቡድን ትልቅ ከሆነ ፕሮፌሰሩን በወር አንዴ ካገኘኸው ዕድለኛ ነህ።

ከመወሰንህ በፊት ግን ፔፐሮቹ ላይ ስማቸው መጀመሪያ ለተጻፉት ተማሪዎች ኢሜይል ላክ፣ በስንት ዓመት እንደጨረሱና አሁን የት እንደሚሰሩ ጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ ይመልሳሉ። ኮንትራቱንም ቀድመህ ጠይቅ፣ ጀርመን ቦታው የሙሉ ሰዓት ስራ 50 ፐርሰንት፣ 75 ፐርሰንት ወይ 100 ፐርሰንት ሊሆን ይችላል፣ ደሞዙም በዛው ልክ ነው።