«ቲዩቡ ሞቷል» ላሉሽ እህት፦ ለቆራሌው እንዳትሰጪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አባትሽ ደብረ ሲና ላይ ቪዲዮ ቤት ከነበራቸው ጊዜ የቀረ 43 ኢንች ሶኒ ፕሮጀክሽን ቲቪ አለሽ፤ ያ ሥዕሉን ከውስጥ በሌንስና በመስታወት ስክሪኑ ላይ የሚጥለው ትልቁ ሣጥን። ሥዕሉ ደብዝዟል፤ ሰዉ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ጥላ አውጥቷል። የጠራሽው ባለሙያ «ቲዩቦቹ ሞተዋል፣ ለቆራሌው ስጪው» አለሽ። ልጠግነው ወይስ ልጣለው ነው ያልሽው።

አትጣዪው! ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ቤቴ ውስጥ እንደዚያ ያሉ ሁለት አሉኝ። ሁለቱም «ሞተዋል» የተባሉ ናቸው። ዛሬ የሰፈሩ ልጅ ኳስ የሚያየው በነሱ ነው። ጠፍጣፋ ቲቪ ያላቸው ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ይመጣሉ፣ ልብ በይልኝ።

30,000 ቮልት ገደማ ስለሚሸከመው ወፍራም ገመድ አልዘበዝብሽም። የምትከፍቺው ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ያለብሽ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። ቀይና ሰማያዊው ጥላ ከቲዩቡ ጋር አይገናኝም። ውስጡ ሥዕሉን የሚያወጡ ሦስት ትንንሽ ቲዩቦች አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። የሦስቱ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ልክ በልክ መደራረብ አለበት። ይህን የሚያስተካክሉት ብዙ ጊዜ ኤስ ቲ ኬ 392 የሚል የተጻፈባቸው ሁለት አይሲዎች (ቦርዱ ላይ የሚገጠሙ ቺፖች) ናቸው። በጣም ይግላሉ፤ ስለዚህ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። አንዱ ቢበላሽም ሁለቱንም ቀይሪ። አጠገባቸው ያሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮችም አስለኪ። መርካቶ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ የገዛሁት አይሲ ኳስ እያየን የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ጨሰ። ጽሑፉን በጣቴ ሳሸው ለቀቀ። ምናለሽ ተራ ከተበታተነ ቲቪ ላይ ያስነቀልኩት ግን እስካሁን ይሠራል።

2. መደብዘዙ ከፈሳሹ ነው። በእያንዳንዱ ቲዩብ ፊትና በሌንሱ መካከል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለ፤ ኤቲሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የተቀላቀለበት። ዕድሜው ሲገፋ ይደፈርሳል፣ ሻጋታ የሚመስል ነገር ያበቅላል። ቲቪው ተነቅሎ ሳለ በባትሪ ሌንሱን ቁልቁል እዪው። ወተት የመሰለ ነገር ወይም ክር ክር ካየሽ ቲዩቡ አልሞተም። መነጽሩ ቆሽሾበት ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና የደረሰብኝን ልንገርሽ። ሁለተኛውን ቲቪ አዲስ አበባ ትልቅ ማስታወቂያ የሰቀለ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። «ፈሳሹ ነው» ብለው ሳቀብኝ። «ከገጠር መጥተህ ልታስተምረኝ ነው?» አለኝ። ሌንሱን የያዙት ብሎኖች ሌላ ናቸው፤ ስፕሪንግ ያለባቸው ብሎኖች ደግሞ የፈሳሹን ቤት ነው የያዙት። ሰውዬው ቲዩቡን ሳያወጣ፣ እዚያው በቆመበት፣ ባለስፕሪንጎቹን ፈታቸው። ፈሳሹ ሥር ባለው ቦርድ ላይ ተዘረገፈ። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገና ሶኬት ሰካ። ቦርዱ ተቃጠለ። ከዚያ «የምርመራ» ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ! ሳልከፍል ቲቪውን አላስወጣም አለ፣ ከፈልኩ። ሌላ ቦርድ እስካገኝ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ ማንም ይንካው ማን፣ ቲዩቡ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሳፋ ውስጥ ይቀመጥና ባለስፕሪንጎቹ ያኔ ይፈቱ። ፈሳሹ እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ ይታጠብ። የተቀደደ ከሆነ መልሶ መግጠም ዋጋ የለውም፣ ያፈሳል። አዲሱን ፈሳሽ አረፋ እንዳይቀር ቀስ እያላችሁ ሙሉት።

እኔ 80 እጅ ግላይኮል፣ 20 እጅ ግሊሰሪን ነው የምቀላቅለው። ግሊሰሪኑ ፋርማሲ አለ፤ በኛ ብርድ ፊቱን የማይቀባ ማን አለ? የመኪና ኩላንት ግን አታስገቢ፣ ቀለምና ሌላ ኬሚካል አለበት። ያስቸገረኝ ንጹሕ ግላይኮሉ ነው። አንድ ኬሚካል ሻጭ ቤት «ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። ለቤቴ ቲቪ ነው ብል ማን ይስማኝ። ሴትየዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፣ ሻይዋን ነው የምትጠጣው። በመጨረሻ ፋብሪካ ላቦራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ደብዳቤ አጻፈልኝ። አንቺም ከወዲሁ እንደዚያ ያለ ሰው ፈልጊ። ደግሞ መርዝ ነው፣ ጣፋጭ መርዝ። ልጅም ውሻም አጠገቡ እንዳይደርስ።

3. ከኋላ ያለው ትልቁ መስታወት እንደ ቤት መስታወት አይደለም፤ ብር የሚመስለው ቅቡ ከፊት ነው። በሶፍት ፈትገሽ ብትጠርጊው ጭረቱ አይለቅም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሺ፣ በቃ።

4. ከመድከምሽ በፊት ግን ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርገሽ እዪ። ቪዲዮ ቤት ስለነበረ ኳስ ብዙ ታይቶበታል። ጥግ ላይ የውጤቱ ሳጥን ጥላ ታትሞ ከቀረ ቲዩቡ ተቃጥሏል፤ ፈሳሽም አይሲም አይመልሰውም። እንዲህ ከሆነ ባለሙያሽ እውነቱን ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን የምታመጪው ከሆነ ቆሞ ይጫን፣ አይጋደም። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ታውቂዋለሽ። እኛ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ከፍተኛው ቮልት በቀላሉ ይዘላል፤ ስለዚህ ውስጡ ያለው አቧራ ሳይጸዳ እንዳይሰካ።

ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ካለ የአሜሪካ ነው። ከ220 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ዲሹን ስትሰኪ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ከተንከባለለ አትደንግጪ፤ ሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ፓል የሚለውን (የኛ አገር የሥዕል ስልት ነው) ወደ ኤን ቲ ኤስ ሲ (ወደ አሜሪካው) ቀይሪው።

የጀርባውን ጽሑፍና ሦስቱን ሌንሶች በባትሪ አብርተሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ላኪ። እስከዚያ ያ ሰውዬ ብሎን እንዳይፈታ።