መልስ፦ የሆኪ በረኛ አሰልጣኝ ይወጣዋል?

ሰላም ወንድሜ። «የአይስ ሆኪ በረኛ የነበረ ሰው ጎበዝ አሰልጣኝ ይወጣዋል ወይ?» ላልከው፣ በደንብ ይወጣዋል። ካናዳዊውን በረኛ ፓትሪክ ሯን ተመልከት። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የኩቤክ ልጅ ነው፤ በ1965 ተወለደ። ለሞንትሪያል ክለብ እየተጫወተ በ1986 እና በ1993 የስታንሊ ዋንጫን፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካውን ትልቅ የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) ዋንጫ፣ በላ። በጉልበቱ ወርዶ እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ የጎሉን የታችኛውን ክፍል ይዘጋ ነበር። ዛሬ አብዛኛው በረኛ የሚጫወተው እንደዚያው ነው። ከጎሉ ብረት ጋርም ያወራ ነበር!

እኔን ሁሌም የሚያመኝ የዲሴምበር 2፣ 1995ቱ ጨዋታ ነው። ከዲትሮይት ጋር ዘጠኝ ጎል ገባበት። አሰልጣኙ ቶሎ አልቀየረውም። ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ክለቡ ፕሬዚዳንት ሄደና «ለሞንትሪያል ከዚህ በኋላ አልጫወትም» አለው። በአራተኛው ቀን ወደዚያው ሊግ ክለብ ወደ ኮሎራዶ ተዛወረ። በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫ አነሳ፤ በ2001 ደገመው።

በ2003 መጫወት አቆመ። ከዚያ ሬምፓርትስ የሚባለውን የኩቤክ ወጣቶች ቡድን ይዞ በ2006 እና በ2023 የሜሞሪያል ዋንጫን (የካናዳ ወጣቶች ሆኪ ትልቁን ዋንጫ) ወሰደ። በመሃል ኮሎራዶን አሰልጥኖ በ2014 የሊጉ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። በእኔ እምነት በረኛ ሜዳውን ሙሉ ከኋላ ስለሚያይ ነው። በ2024 ደግሞ የኒውዮርክ አይላንደርስን፣ ሌላውን የኤንኤችኤል ክለብ፣ በአሰልጣኝነት ተረከበ።